ዶክተሩ የፈቀደው ኬክ

ሊጡ ከጣቶቿ አልላቀቅ አላት። ሲሳይነሽ ግን ዱቄት አልጨመረችበትም። ዱቄት የበዛበት የሳቫሪና ኬክ ይደርቃል፤ ስኳር ውሃ ሲያፈሱበት አይጠጣም። ይህን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። አሽቀሎን ውስጥ፣ ማሪና በሚሉት የጀልባ ወደብ አጠገብ ባለ ኬክ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትጋግር ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። እንቁላሉና ቅቤው ከእርሾው ጋር ተዋህደው ሊጡ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በመዳፏ መታችው፤ ከዚያ መሐሉ ክፍት በሆነው ክብ ቅርጽ ውስጥ ገልብጣ ፎጣ አለበሰችው።

አሁን ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነው። የፈራችውም ይህንኑ ነበር፤ እጇ ሥራ ሲፈታ ሐሳቧ ይነሳባታል።

ባሏ አራጋው ሳሎን ውስጥ፣ የጤና መድኑ ኩፓት ኾሊም በላከለት አልጋ ላይ ተኝቷል። ስኳር በሽታ ከያዘው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉም ጠባቂው እሷ ነበረች። ሻዩን ያለ ስኳር ታቀርብለታለች፣ ቴምር ቤት ከገባ ትደብቃለች። አንድ ጊዜማ ሰርግ ላይ ከኮቱ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ኬክ መዝዛ አውጥታ በሰው ፊት አሳፍራዋለች። እሱ ግን አልተቀየማትም። ዓርብ ዓርብ «ለሰንበት ምን ልሥራልህ?» ስትለው «ሳቫሪና» ይላታል፤ እሷም «ሞትህን አትለምን!» ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ።

ዛሬ ጧትም ጠየቀችው። እሱም እንደ ወትሮው «ሳቫሪና» አለ።

«እሺ» አለችው።

የደነገጠችው ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። አራጋው አልሳቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እሷም ወደ ማድቤት ሸሸች።

ማክሰኞ ዕለት ዶክተር ባራክ እሷንና ልጇን ሊአትን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ አራጋውን አልጋ ላይ የጣለው ካንሰር ጉበቱን እንደጨረሰው ነግሯቸው ነበር። «ከእንግዲህ የምከለክለው ነገር የለም። ደስ ያለውን ይብላ» አላቸው። ደግ ነገር የተናገረ መስሎታል። ሲሳይነሽ ግን እንዲህ በለሰለሰ ቃል የተነገረ መርዶ ሰምታ አታውቅም።

ሊአት እንጆሪና ክሬም ገዝታ ስትመጣ ኬኩ ከምድጃው ወጥቶ ነበር። እናቷ የብርቱካን ልጣጭ የፈላበትን ስኳር ውሃ በጭልፋ ታፈስበታለች። ኬኩ ይጠጣል፤ እሷ ትጨምራለች፤ ደግሞ ይጠጣል።

«ነገርሽው?» አለች ሊአት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሰንበትን በሰላም ይዋል።»

«ኢማ፣ ማጊያ ሎ!» አለች በዕብራይስጥ። «ማወቅ ይገባዋል። አባ ሕፃን አይደለም።»

«አውቃለሁ። ይልቅ ክሬሙን ምቺልኝ።»

ሊአት እንባዋን በክንዷ እየጠረገች መታችው። ሲሳይነሽ ኬኩን በአግድም ለሁለት ሰነጠቀች፣ ሆዱን በክሬም ሞላች፣ እንጆሪውን ከትፋ ደረደረችበት፣ ክዳኑን መለሰች። ከዚያ አንድ ትልቅ ቁራሽ በሰሐን ይዛ ብቻዋን ወደ ሳሎን ገባች።

አራጋው ትራሱን ተደግፎ ቀና ብሎ ጠበቃት። መጀመሪያ ሰሐኑን፣ ቀጥሎ ፊቷን አየ።

«ዶክተሩ ፈቀደ?»

«ፈቀደ።»

«ምን ያህል?»

«ደስ ያለህን ያህል።»

ከፎቁ ሥር ጎረቤቶች ሻባት ሻሎም እየተባባሉ ሲለያዩ ይሰማል።

«ሱዳን ላይ» አለ በመጨረሻ፣ «የእናትሽን ሞት አሥራ ሁለት ቀን ደበቅሁሽ።»

ሲሳይነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አርባ ዓመት ሙሉ ይህ ነገር በመካከላቸው ተነስቶ አያውቅም። ወደ እስራኤል ሲጓዙ ገዳሪፍ መጠለያ ውስጥ እሷ ወባ ጥሏት ሳለ እናቷ ሞተች፤ አራጋው በገዛ እጁ ቀበራት። ለሲሳይነሽ ግን ወደ ሌላ ድንኳን ተወስዳለች አላት። ለራሱ የሚሰጠውን ብስኩት እያመጣ «እናትሽ የላከችልሽ ነው» እያለ አበላት። እውነቱን የነገራት በእግሯ ስትቆም ነው። ከዚያ ወዲህ አብራው ኖረች፣ ወለደችለት፣ አስታመመችው፤ ይቅር ግን አላለችውም።

«ያን ብስኩት ስትበይ አይሽ ነበር» አለ አራጋው። «‹እናቴን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ› ትይኝ ነበር። ይህን ሸክም እኔ አውቀዋለሁ፤ አንቺ አትሸከሚው። ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

«ፋሲካን አይደርስም ነው ያለው።»

ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። ሲሳይነሽ ብርድ ልብሱን ሳያስፈልገው አስተካከለችለት፤ ደግማ አስተካከለችለት።

«ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ» አለችው ሳታየው፣ «እኔም አልተርፍም ነበር።»

አራጋው ማንኪያውን አነሳ። ቆረሰና ጎረሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አላመጠው። ደገመ። ሦስተኛውን አልቻለም።

«ለአሽቀሎን ሰው ሁሉ ይህን እያበላሽ ነው የኖርሽው?» አለ። ሊስቅ ሲል ሳል ጣለው።

ሳሉ ሲተወው ከእንጆሪው አንድ ቁራጭ፣ ከክሬሙም ጨምሮ በማንኪያው ጨለፈና ወደ አፏ ዘረጋው።

«አንቺም ጉረሺ።»

ጎረሰች። ክሬሙ ምላሷ ላይ ቀለጠ፣ መዋጥ ግን አቃታት። አራጋው ባዶውን ማንኪያ ከፊቷ ሳያወርድ፣ እስክትውጥ ድረስ ጠበቃት።