የአራት ቀን መዝገብ

ሰኞ ጠዋት ሰላሕ ሱቁን ሲከፍት ያፏጭ ነበር። ሚስቱ ዓሲያ ይህን ጻፈችው።

ሰቆጣ ላይ ማንቆርቆሪያና የላስቲክ ጫማ የሚሸጥ ሰው ቢያፏጭ ማንም ደብተር አያወጣም። የነሱ ቤት ግን ባይፖላር የሚባለውን ሕመም ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት የተነሳው የልጃቸው የረውዳ ኒካህ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የሙሽራው ቤተሰብ ከኒሯቅ ሲመጣ የሱቁ ጫማ በሙሉ ለመንገደኛ ታድሎ ጠበቀው፤ ደንግጦም ተመለሰ። አሁን ለመጪው እሑድ ሌላ ቀጠሮ ተይዟል። ሦስተኛ ቀጠሮ እንደማይኖር የሙሽራው አባት ተናግረዋል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ትግስት ነገሩን በደንብ አስረድታቸዋለች። ሃይፖማኒያ ለመባል አራት ተከታታይ ቀን ያስፈልጋል። መንፈስ ከወትሮው ከፍ ይላል ወይም ሰው ይነጫነጫል፤ እንቅልፍ ያንሳል፣ ድካም ግን የለም፤ ወሬና ዕቅድ ይበዛል፤ ለውጡም ለሌላ ሰው ይታያል። ሳምንት ከዘለቀ ወይም ሆስፒታል ካስተኛ ስሙ ሌላ ነው። አንድ ቀን ደስ መሰኘት ብቻውን በሽታ አይደለም ብላ፣ በየቀኑ የሚሞላ ደብተር ለዓሲያ ሰጠቻት። ዓሲያ ቤት ስትገባ ሽፋኑ ላይ «ሰላሕ» ብላ ጻፈችበት።

ማክሰኞ ሰላሕ አዲስ ሸሚዝ ለበሰ፤ ለሰፈሩ ሕፃናትም ከረሜላ አደለ። ረቡዕ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ሆኖ በስልክ ሲያንሾካሹክ ተያዘ። ከማን ጋር እንደሆነ ስትጠይቀው ከማንም ጋር አይደለም አላት። ዓሲያን ከፋት፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ዋሽቷት አያውቅም።

እንቅልፉም አላማራትም። ደብተሩ ላይ፣ በአምስት ሰዓት ዞረ፣ በሰባት ሰዓት አንኮራፋ፣ በስምንት ሰዓት እንደገና ዞረ፣ በአሥር ሰዓት ተኩል «ጨው» አለ ይላል። የሦስቱም ሌሊት ገጽ እንዲሁ ነው።

አባወራው እንዲህ ከሆነ ቤቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ዓሲያ ያዘችው። የሱቁን በር ሰማያዊ ቀባችው፤ ሰማያዊው ስላልጣማት አረንጓዴ ቀባችው። ሰላሕ ይረሳዋል ብላ ከዝቋላ ፍየል ራሷ አዘዘች፤ ለሠላሳው እንግዳ እንዳያንስ ሰባ ሦስት። ኒሯቅ ላሉት አማቾች በቀን አምስት ጊዜ እየደወለች ሁሉ ሰላም መሆኑን ነገረቻቸው።

ረውዳ ትንሽ አረፍ እንድትል ለመነቻት።

«አባትሽ እንዲህ ሆኖ?» አለች ዓሲያ። «ደግሞ አልደከመኝም።»

ሐሙስ አራተኛው ቀን ሞላ። ልጁን ለኒካህ የሚሰጠው አባት ነው፤ ልቡ ያልረጋ አባት ግን አይሆንም። ዓሲያ ሐሳቧን ጨርሳለች። ሲስተሯ አንድ ቃል ከተናገረች በሰላሕ ቦታ ታላቅ ወንድሙ ሙኽታር ይቆማል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስትለው ሰላሕ አልተከራከረም፤ እንዲያውም ቀድሟት ጫማውን አድርጎ ነበር። ይህንንም ጻፈችው።

ጤና ጣቢያ ደርሳ ሳትቀመጥ በአራት ቀን የሞላችውን ሰማንያ ገጽ አነበበች። ሲስተር ትግስት ሁለት ጊዜ ልትናገር ሞክራ አልተሳካላትም።

«እንግዲህ አራት ቀኑ ሞልቷል» አለች ዓሲያ ስትጨርስ። እንባዋ መጣ። «የልጄ ትዳር ሁለተኛ እንዳይፈርስብኝ ነው የመጣሁት።»

ሲስተሯ ኒካሁ እሑድ እንደሚሆንና ረውዳንም የሚሰጧት ሰላሕ ራሳቸው እንደሆኑ ነገረቻት። ዓሲያ ደብተሩን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠችው።

ሲስተር ትግስት ረቡዕ ወደደወለላት ወደ ሰላሕ ዞረች።

«አቶ ሰላሕ፣ ወይዘሮ ዓሲያ መድኃኒታቸውን ካቋረጡ ስንት ቀን ሆናቸው?»