አምስተኛው ጠባቂ

የባሕር ወንበዴዎቹ ጀልባ እንደገና ትዞረናለች። ፍጥነቷን ቀንሳ ከጎናችን ስትሄድ፣ ከውስጧ አንድ ሰውዬ በመነጽር መርከባችንን ይቃኛል። ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። ጠባቂዎቻችንን ነው።

አራት ናቸው። የብረት ቆብ ደፍተው፣ ቱታ ለብሰው፣ በእሾሃማው ሽቦ አጠገብ ቆመዋል። ሆዳቸውን በአሮጌ ጨርቅ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ጠመንጃቸው ጥቁር ቀለም የተቀባ የመጥረጊያ እንጨት ነው። ከስዊዝ ወደብ ስንነሳ ስቀንባቸው ነበር። ባብ ኤል መንደብን ካለፍን ወዲህ ግን የሚስቅ የለም።

የመርከቡ ባለቤት የጦርነት ስጋት መድን የገዛው "አራት የታጠቁ ጠባቂዎች ተሳፍረዋል" ብሎ ነው። ጠባቂ ውድ ነው፣ ቡትቶ ግን በነፃ ይገኛል። ዛሬ ብንያዝ መድን ድርጅቱ "ጠባቂዎቹ የታሉ?" ብሎ እጁን ይሰበስባል፤ ባለቤቱም ስልኩን ይዘጋል። እኛን ከፍሎ የሚያስፈታ አይኖርም።

"ነቅተውብናል" ይላል ካፒቴን ሩሽዲ። "ከጠዋት ጀምሮ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። የነዚህ ሰዎች ሽንት አይመጣም እንዴ እያሉ ነው።"

"ካፒቴን፣ ሞተር ክፍል ወርደን ከውስጥ እንቆልፍ" እለዋለሁ።

"እሱ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ይውጣና ከነሱ መሐል ይንቀሳቀስ።"

አንድ ሰው ውጭ ከቀረ የሞተር ክፍሉን የብረት በር መቆለፋችን ከንቱ ነው፤ እሱን ይዘው ያስከፍቱናል። የባሕር ኃይል ቢደርስልን እንኳ በእሱ ምክንያት አይተኩስም። ካፒቴኑ ወደ እኔ ያያል። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ሁላችንም እንደ አጎት የምናያቸው ወጥ ቤታችን፣ ዓም ሸሃታ፣ ሽርጣቸውን ይፈታሉ።

"ምስሩ እንዳያርርብህ" ይሉኛል።

"ዓም ሸሃታ፣ በእግዜር ይተዉት!"

"ምኑን ልተው? አንተ ሰው ሠርተህ ነፍስ መዝራት አቃተህ። እስቲ እኔ ልሞክረው።"

በመስኮቱ እናያቸዋለን። ቆብ ደፍተው በሽቦው ዳር ይንጎራደዳሉ። የአንዱን አሻንጉሊት ትከሻ መታ መታ ያደርጋሉ። ሲጋራ ለኩሰው ጎረቤቱን ሲጋብዙት ካፒቴኑ ሳቁ ሊያመልጠው ይደርሳል። ከዚያ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትመጣለች፤ ሳቁም እዚያው ይቀራል። ዓም ሸሃታ የመጥረጊያውን እንጨት ወደ ሰውዬው ያነጣጥራሉ።

ሰውዬው መነጽሩን ያወርዳል። ጀልባዋ ትጠመዘዝና ጀርባዋን ሰጥታን ትርቃለች።

"ሄዱ!" ይላል ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ።

ዓም ሸሃታ ግን አይመለሱም። በድምፅ ማጉያ ቢጠሩ መልስ የለም። እኔ እወጣለሁ።

ፀሐዩ ይለበልባል። አምስቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ አምስቱም ቀጥ ብለዋል።

"ዓም ሸሃታ?"

የሚንቀሳቀስ የለም። የመጀመሪያውን ትከሻ እይዛለሁ፤ ጨርቅ ነው። ሁለተኛውም ጨርቅ ነው። ሦስተኛው ይንቀጠቀጣል።

"ሄደዋል፤ ይግቡ እንጂ።"

"እግሬ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።"

ዓይናቸው ከባሕሩ ላይ አይነሳም። እኔም ወዲያ አያለሁ፤ ሌላ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ወደ እኛ እየመጣች ነው።

ከጎናቸው ያለውን አሻንጉሊት ቆብ አውልቄ እደፋለሁ፤ ግንባሬን ያቃጥለኛል። እንጨቱን ከእጁ እወስዳለሁ። ከዚያ በሽቦው ዳር ወዲያና ወዲህ መንጎራደድ እጀምራለሁ።