የታቢታ ቃል

የውይይቱ መሪ ሎይድ የአዲሱን የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ማብራሪያ ከወረቀት ላይ ያነባል፤ ስሙን አይጠራም። ሥራውን ያጣ ሰው ኢንሹራንሱን አያጣም፤ ስኳር ያለበትን ሰው ኩባንያው አልቀበልም ማለት አይችልም፤ መክፈል ያቃተውን ግዛቱ ያግዘዋል። ጠረጴዛውን የከበቡት አሥራ ሁለት የዴይተን ከተማ ሰዎች የሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የምትመስል መዘውር በየእጃቸው ይዘዋል። የሰሙት ከጣማቸው ወደ መቶ፣ ካስጠላቸው ወደ ዜሮ ያዞሯታል። እኛ በአንድ በኩል ብቻ ከሚያሳይ መስታወት ጀርባ ቸኮሌት እየበላን እናያቸዋለን። እነሱ የሚያዩት የራሳቸውን ፊት ነው።

የየመዘውሩን ቁጥር በመስመር በሚያሳየን ስክሪን ላይ የስድስተኛው ወንበር መስመር ዘጠና አራት ላይ ወጥቶ ይቆማል። ወይዘሮ ፕሪቸት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር። እጃቸውን አውጥተው ይህ ነገር መቼ እንደሚጀምር ይጠይቃሉ። ባላቸው ከገና ወዲህ የስኳር መርፌያቸውን በግማሽ እየተወጉ ነው፣ እስከ ወር መጨረሻ እንዲያደርሳቸው። ሎይድ መልስ እንዳይሰጥ ስለታዘዘ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ከኋላችን ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ደንበኞቻችን ናቸው። ሕጉ በሚመጣው ወር ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ እንዲወድቅ ይፈልጋሉ። እኛ የምንሸጥላቸው የሚጥለውን ስም ነው። ዛሬ ሁለት ስሞች ቀርበዋል፤ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የታቢታ። ያሸነፈው ነገ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል። ታቢታን ከአራት ዓመት በፊት የቀጠርኳት እኔ ነኝ፤ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ እንኳ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

የእኔ ይቀድማል። «የወረፋ ሕክምና።» ሦስት ሳምንት አምጬዋለሁ። ውስጡ ጠንካራ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ቁጥር ይዞ የሚያንቀላፋ ሰው አለ፤ ከመስኮቱ ወዲያ ጥፍሯን የምትቀባ ጸሐፊ አለች። ሎይድ ያንኑ ሕግ በሌላ አነጋገር፣ በእኔ ስም እየጠራ ያነብላቸዋል። መስመሮቹ ይወርዳሉ፣ ግን እያመነቱ። ወይዘሮ ፕሪቸት ሠላሳ ስምንት ላይ ይቆማሉ። ወረፋ ያን ያህል እንደማይጠሉ፣ ባላቸውንም ያገኙት የመንጃ ፈቃድ ወረፋ ላይ እንደሆነ ይናገራሉ። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። በሦስት ሳምንት ምጤ ላይ ይስቃል።

ከዚያ የታቢታ ይመጣል። «ስትራውድኬር።»

ይኸው ነው። የግዛታችን አስተዳዳሪ የሬናታ ስትራውድ ስም፣ ከኋላው «ኬር»፣ ማለትም እንክብካቤ፣ የምትል ጭራ። ታቢታ ያሰበችው ሊፍት ውስጥ ነው፣ ከሁለተኛው ፎቅ እስከ ሦስተኛው። ሎይድ ማብራሪያውን ሊያነብ አፉን ሲከፍት አሥራ ሁለቱም መስመሮች እንደ ተተኮሰ ዳክዬ ተያይዘው ይወድቃሉ። ስድስተኛው ወንበር፦ ሦስት።

ወይዘሮ ፕሪቸት መዘውሯን ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። «ባሌ በግማሽ መርፌ ይኖራል እንጂ የዚያች ሴትዮ እጅ ቤቴ አይገባም» ይላሉ። «ይልቅ ያንን የመጀመሪያውን ስጡን።»

ከከረባታሞቹ አንዱ ያፏጫል። ታቢታ ቸኮሌት ወደ አፏ ወርውራ ወደ እኔ ትዞራለች።

«አይዞህ አለቃ፣ ያንተም እኮ ቆንጆ ነው። ለግጥም።»

ቅናት ጨጓራዬን ሲልጠው ይሰማኛል። ኢንሹራንሴ ጥሩ ስለሆነ ለጨጓራዬ አልሰጋም። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። እኔ በአንዲት ሴትዮ ልብ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ለማስገባት ሦስት ሳምንት ስለፋ፣ ይቺ ልጅ አንድ ፎቅ እስክትወጣ ድረስ በሩን ከነመቃኑ ነቅላው ገባች።

መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ ብዬ እወጣለሁ። ተሳታፊ ማናገር ክልክል ነው፤ ክልከላውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ወይዘሮ ፕሪቸት ኮሪደሩ ላይ ጃኬታቸውን እየለበሱ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ የመጀመሪያውን ሕግ ስልክ ቁጥር ይጠይቋታል። ልጅቷ ትከሻዋን ትሰብቃለች። አዝኜላቸው ነው የቀረብኳቸው ብል ደስ ባለኝ። የምፈልገው የታቢታ ቃል ሲሰበር ማየት ነው፤ አንድ ሰው ላይ ብቻ እንኳ ቢሆን።

«ወይዘሮ ፕሪቸት፣ የመጀመሪያውና ስትራውድኬር አንድ ሕግ ናቸው» እላቸዋለሁ። «ባለቤትዎ ሙሉ መርፌ የሚያገኙት በስትራውድኬር ነው።»

እንዲቆጡኝ እጠብቃለሁ፤ ቁጣን አውቀዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ዓይናቸው ውስጥ ያለው ግን ሐዘኔታ ነው። ክንዴን ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«የኔ ማር፣ አንተንም እንዲህ ብለው አታለሉህ?»

አንቀጹን፣ ገጹን፣ የሕጉን ቁጥር እደረድርላቸዋለሁ። እሳቸው ሰው ሲዋሽ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ሃያ ዓመት በአውቶቡሱ መስታወት እንዳዩ፣ የእኔ ፊት ግን የውሸታም ሳይሆን የየዋህ ሰው ፊት እንደሆነ ነግረውኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ይሄዳሉ።

በመስታወቱ በር በኩል እከተላቸዋለሁ። ባላቸው መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ አሮጌ ፒካፕ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወይዘሮ ፕሪቸት ከመግባታቸው በፊት በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ይነግሯቸዋል። ድምፅ አይሰማም፤ ከንፈራቸው ግን ከዚህ ድረስ ይነበባል፦ «ስትራውድኬር።» ሽማግሌው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ፣ መርፌው በሚገባበት ቦታ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ ይነቀንቃሉ።

አሥራ አንድ ዓመት ቃል ሸጫለሁ። ለእኔ ቃል አንድም ሰው ራሱን እንዲህ ነቅንቆ አያውቅም።