ያለ ማይክ የተሰካው ገመድ

የድምፅ ባለሙያዋ ሱ-ቺን ከታይዋኗ ታይናን ከተማ ገበያ የገዛችው የማይክ ገመድ ርካሽ ነበር፤ መሰኪያው ግን ጠንካራ ነው፣ በውስጡ ያለው የመዳብ ጥልፍም ጥቅጥቅ ያለ። ከሰዓት ቡድኗ በአንድ ቤተ መቅደስ ግቢ ኦፔራ ያቀርባል። አምና ድምፅ ስለተቋረጠ የቤተ መቅደሱ ሽማግሌዎች፣ ዘንድሮ ከተደገመ መድረኩን ለሌላ ቡድን እንሰጣለን ብለዋል።

እንደ ልማዷ ገመዱን ያለ ማይክ ድምፅ ማቀናበሪያው ላይ ሰክታ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተች። ደህና ገመድ ዝም ይላል፤ የድምፅ መለኪያው መርፌም ዜሮ ላይ ይቆማል። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ግን አንድ ሰው በጥርሱ መሃል የቀረ ሥጋ ይመጠምጣል። ገመዱ እጇ ላይ ሞቀ፤ ከላዩ የወጣው ወዝ ያልታጠበ አፍ ይሸታል።

"ምነው እህቴ፣ የገማ ዓሣ ዋጥሽ እንዴ?" አለ የቡድኑ ዘፋኝ ጂያ-ሆንግ ፊቷን አይቶ።

"ዓሣው ይሻል ነበር። እንካ ስማ።"

ሰማና ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮውን በእጅጌው ጠረገ። "ቁረጪው በናትሽ። እኔ ይሄን አፌ ሥር አልይዝም።"

"ሌላ ገመድ የለንም እኮ።"

"እንግዲያው በባዶ ጉሮሮዬ እጮኻለሁ።"

ሱ-ቺን ገመዱን ከመሃል ቆረጠችው። ከመዳቡ መሃል ምራቅ ተዝለገለገ። የቀረውን ቁራጭ ከድምፅ ማቀናበሪያው ነቀለች።

ከጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው መመጥመጥ አልቆመም። የመለኪያው መርፌ ገመዱ ሳይቆረጥ ሠላሳ ላይ ነበር፤ አሁንም ሠላሳ ላይ ነው።