የአባዬ ክላርኔት የቱ ነው?

ዛሬ ዛሬ ድምፅ ከሙዚቃ ሸክላ ለአዲስ ሥራ ሲቀዳ ከሸክላውም፣ ሰምተውት ከነበሩ ሰዎች ልብም ይወጣል። የሚኖረው በአዲሱ ሥራ ውስጥ ብቻ ነው። ባለቤቴ ወይንሸት ይህን እያወቀች ሟች አባቷ ክላርኔት የነፋበትን ሸክላ ለአቀናባሪዋ ለማርያማዊት ሰጠቻት። "ሸክላው ተጭሮ አልቋል፤ ጨርሶ ከሚጠፋ ይሂድ" አለች።

አልበሙ እንዳለቀ ማርያማዊት በወጉ መሠረት መጀመሪያ ለእኛ ልታሰማ መጣች። የሚዘፍን ሰው የለበትም፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጎተታል፤ ከሥሩ መርፌ ሸክላ ሲፍቅ ይሰማል። ወይንሸት ምስር እየለቀመች ታዳምጣለች።

"ይሄ ሁሉ ክላርኔት! የማርሽ ባንድ አደረግሽው እኮ" ብላ ሳቀች። "የአባዬ የቱ ነው?"

"አሁን የገባው ነው፣ እትዬ።"

ምስሩን አስቀምጣ እስኪያልቅ ሰማች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እንዲህ ነበር እንዴ የሚነፋው?"

ሠላሳ ዓመት አብሬያት ሰምቼዋለሁ፤ በልቤ ግን አንድም ድምፅ አልቀረም።

"ልክ እንዲህ ነበር" አልኳት።

"ተመስገን" ብላ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ነገ ለንስሐ አባቴ መዋሸቴን እናገራለሁ። እንዲቆረቁረኝ እየጠበቅኩ ነው፤ እስካሁን ግን ምንም አልተሰማኝም።