የታችኛው ክፍል

ኖላዊት ሁለተኛ ቤቷን የገዛችው ከተራራው ማዶ፣ ከሲያትል ሁለት ሰዓት በሚያስነዳ የገጠር መንደር ነው። መሥሪያ ቤቶች «ከፈለጋችሁበት ሆናችሁ ሥሩ» ካሉ ወዲህ ኮምፒውተሩን ይዞ ወደዚያ የሚጎርፈው የከተማ ሰው በዛ፤ የቤት ዋጋም ሰማይ ነካ። በቤቱ ተከራይታ ትኖር የነበረች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ልጆቿን ይዛ ወጣች። የልጆቹ ቁመት በየዓመቱ በእርሳስ የተሰመረበት የወጥ ቤት መቃን ግን እንዳለ ቀረ። ኖላዊት ቤቱን ሁሉ ስትቀባ እሱን ለመቀባት እጇ እምቢ አላት።

መንደርተኛው ክፉ አልነበረም። ሰላም ስትለው ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ከዚያ በላይ የሚያናግራት የለም።

«ከተማ፣ ማውንትሌክ ቴራስ ቤት እያለሽ ይኼ ለማን ነው?» ብሏት ነበር ወንድሟ ዘካሪያስ። ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ነገር ማለዘብ የማያውቅ ሰው ነው።

«ለእማዬ። ደረጃ አትችልም፤ ታች ሰፊ ክፍል አለው። መስኮቱ በፀሐይ መውጫ ነው።»

«እማዬ ያለችው አዲስ አበባ! ቪዛውን ሁለቴ ከልክለዋታል። ሶ፣ መስኮቱን ለማን ነው የምትከፍቺው? ሄደሽ እያት እንጂ።»

«ለፋሲካ እሄዳለሁ።»

«አምናም እንዲሁ ብለሻል። በቃ፣ አንቺ ቀለምሽን ቀቢ።»

ፋሲካ መጣና ጣራው አፈሰሰ። ጣራው ሲጠገን ቧንቧው ፈነዳ። ኖላዊት አልሄደችም። በታችኛው ክፍል አልጋ ተነጠፈ፤ የተኛበት ግን የለም። ጓደኞቿን ደጋግማ ጠራች፤ «መንገዱ ይርቃል» አሏት። ቀን ቀን በስክሪኑ ከሰዎች ጋር ትስቃለች። ስብሰባው ሲያበቃ ስክሪኑ ይጨልምና የራሷን ፊት ታይበታለች።

በኅዳር ወር በአንድ ሐሙስ ቀን እናቷ ስልክ አላነሳችም። ከእናቷ ጋር የምትኖረው የእህቷ ልጅ ሄዋን ከስንት ጥሪ በኋላ አነሳች። ከጀርባዋ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። በመሃሉ አንዲት ሴት ታለቅሳለች።

«እማዬን አገናኚኝ።»

«እ… አሁን አይመችም፣ አክስትዬ። በኋላ እደውላለሁ።»

«ማናት የምታለቅሰው?»

«ኔትወርኩ… አይሰማም…»

ስልኩ ተዘጋ። ሄዋን መልሳ አልደወለችም።

አርብ፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ ዘካሪያስ ደወለ። በቤቱ ነገር ከተኳረፉ ሰንብተው ነበር።

«ነገ ቤት ነሽ?»

«አለሁ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው። የትም እንዳትሄጂ። ብቻሽን ነሽ?»

«ከማን ጋር ልሆን ኖሯል?»

«የታችኛው ክፍል ሂተር ይሠራል?»

«ይሠራል። ዘኪ፣ እማዬ ደህና…»

«ኦኬ፣ በቃ፣ ቻው።» ስልኩን ዘጋው።

ያንን አነጋገር አወቀችው። የራሷ አነጋገር ነበር። ኦቴሎ በተባለው የሲያትል ሰፈር የምትኖረው የጓደኛዋ የአጸደ አባት የሞቱ ጊዜ፣ ዋዜማውን ደውላ «ነገ ቤት ነሽ? የትም እንዳትሄጂ» ያለቻት እሷው ኖላዊት ናት። ደንቡ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ቄሱን አስቀድሞ፣ ነጠላውን ለብሶ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ የሚወድቀውን የሚደግፍ ሰው እንዳይታጣ። አጸደ በሩን ከፍታ ባየቻቸው ጊዜ፣ አንዲት ቃል ሳትሰማ ነበር የወደቀችው።

ኖላዊት አላለቀሰችም። ወደ ታችኛው ክፍል ገብታ ሂተሩን አበራች። ከዚያ ለእናቷ ያነጠፈችውን ፍራሽ ከአልጋው ጎትታ መሬት ላይ ዘረጋችው። ለቅሶ የሚቀመጡት መሬት ነው።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ሦስት መኪኖች በረዶውን እየሰነጠቁ መጥተው ደጇ ላይ ፓርክ አደረጉ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየች። ፊት ፊት የነፍስ አባቷ አባ ኪዳነ ወልድ መስቀላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከኋላቸው ዘካሪያስ፣ ከዚያ አጸደ፣ ከዚያ ነጠላ የለበሱ ሴቶች። «መንገዱ ይርቃል» ያሉት ሁሉ አልቀሩም። ለዚህ ጊዜ አይርቅም።

በጓሮ በር በባዶ እግሯ ወጣችና ከማገዶው ክምር ጀርባ ቆመች። እስካልነገሯት ድረስ እናቷ አለች። ይህንን ብቻ ነበር የምታስበው።

«ኖላዊት! ክፈቺ እንጂ፣ በብርድ አለቅን!» የአጸደ ድምፅ ነው።

«መኪናዋ ይኸው ቆሟል። የት ትሄዳለች?» አለ ዘካሪያስ።

«ቀስ በሉ፣ ልጆቼ» አሉ አባ። «በድንገት ሆኖባት እንዳትደነግጥ።»

እግሯ በብርዱ ደነዘዘ። ፀሐይዋ ከተራራው ብቅ አለችና በታችኛው ክፍል መስኮት ገባች፤ መሬት የተዘረጋውን ፍራሽ አበራችው። ለዚያች ፀሐይ ብላ ነበር ቤቱን የገዛችው። በዚያ ገንዘብ ስንት ጊዜ ደርሳ ትመለስ ነበር።

የማይቀር ነው። ከማገዶው ጀርባ ወጥታ በቤቱ ማዕዘን ዞረች። ሁሉም ባንድ ጊዜ ዘወር አሉ። ዘካሪያስ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። እጆቹን ዘርግቶ ወደ እሷ መጣ።

በረዶው ላይ ተዘረረች፤ ደረቷን እየደቃች፣ ተራራው እስኪመልስላት ጮኸች።

«እማዬ! እማዬ! እማዬ!»

«ወዬ፣ ልጄ» አለ ከኋለኛው መኪና ረጅም በረራ ያደከመው ድምፅ።