የጨዋታ ቀን ሽፋን

የእግር ኳስ ክለቡ አጥቂ ጋሽ ዘርጋውን ከመልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ማንቁርቱን አነቀው።

«የዛሬው ሽፋን ላይ ማንን ነው ያወጣኸው?»

ሽማግሌው ለተመልካች የሚታደለውን የክለቡን የጨዋታ ቀን ፕሮግራም ሲያዘጋጅ ያረጀ ሰው ነው። ድሮ ፕሮግራሙ በስቴንስል የሚባዛ አንድ ቅጠል ወረቀት ስለነበር ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ሽፋኑ ላይ የተጫዋች ፎቶ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ፎቶው የወጣ ሁሉ በዚያው ቀን ይሰበራል። ተከላካዩ ቢተው ጉልበቱን ተሰበረ፣ በረኛው መንጋጋውን፤ አምበሉማ ይኸው እስከ ዛሬ በክራንች ነው። ዛሬ ደግሞ የፕሪሚየር ሊግ መልማዮች አጥቂውን ሊያዩ መጥተዋል።

«እኔን ነው አይደል? ተናገር!»

«አንተ ኳስህን ተጫወት፣ ልጄ» አለ ጋሽ ዘርጋው ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ሲታደል ታየዋለህ። ትስቃለህ።»

ፈገግ ማለቱ አጥቂውን አሳበደው። በቡጢ አፉን አለው። ሽማግሌው ከነደሙ ሲዘረጋ በታኬታ ጫማው ቅልጥሙ ላይ ዘሎ ወጣበት። አጥንቱ ቋ ብሎ ተሰበረ።

«በል አሁን ሳቅ!»

ጋሽ ዘርጋው እየጮኸም ደረቱ ላይ ያቀፈውን የፕሮግራም እሽግ አልለቀቀም። አጥቂው እጁን ረግጦ ነጠቀው፤ ገመዱንም በጥርሱ በጠሰው።

ሽፋኑ ላይ ጋሽ ዘርጋው ራሱ፣ ከረባት አስሮ፣ ኳስ በእግሩ ረግጦ ቆሟል። ከፎቶው ሥር «ልጆች፣ የዛሬው ተረኛ እኔ ነኝ» ይላል።